የደላላው ጠበቃ የእርስዎ ጠበቃ አይደለም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ከባለቤታቸው ጋር አያት አካባቢ ተከራይተው ይኖራሉ። ለዓመታት ባጠራቀሙት ብር ለገጣፎ ላይ በ200 ካሬ ላይ ያረፈ ቤት አግኝተዋል። የቤቱ ባለቤት ውጭ አገር ነው። የሚሸጠው የአጎቱ ልጅ ነው፣ በውክልና። ደላላው «ሌላ ፈላጊ አለ፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ቀብድ ጣሉ» እያለ ያጣድፋቸዋል። ጠበቃ እንያዝ ሲሉት ደግሞ «እኛ ጋ ጠበቃ አለ፤ ለሁለታችሁም ውሉን ይጽፍላችኋል። ለምን ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ?» አላቸው። ጠያቂዋ «ይህ ይበቃል ወይ? የራሴን ልያዝ ብል እንዴት ልምረጥ? ከያዝኩስ በኋላ ምን ላሠራው?» ይላሉ።

አይበቃም፣ እህቴ። የራስዎን ጠበቃ ይያዙ። ደግሞም ቀብድ ከመጣልዎ በፊት ይያዙ። ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ እጽፍልዎታለሁ፤ ምክንያቱም የእርስዎ ዓይነት ጉዳይ የጥብቅና ቢሮዬ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ብሩ ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ለሁለቱም ወገን ውል የሚጽፍ ጠበቃ ክፉ ሰው ነው አልልም። ግን ያስቡት። ሻጩ የሚፈልገው ብሩ ቶሎ እጁ እንዲገባ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ደግሞ ብሩ ከእጅዎ ከመውጣቱ በፊት ሁሉም ነገር እንዲጣራ ነው። አንድ ሰው ለሁለቱ እኩል ሊቆም አይችልም። የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ስለ ጥቅም ግጭት የሚደነግገውም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ያ ጠበቃ ሥራ የሚመጣለት ከደላላው ነው። ዛሬ የእርስዎን ውል «ቆይ፣ አንድ ወረቀት ጎድሏል» ብሎ ቢያስቆም፣ ነገ ደላላው ሌላ ሰው ይጠራል። እሱም ይህን ያውቃል።

ቀብዱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው ቀብድን እንደ ቦታ መያዣ ነው የሚያየው። ሕጉ ግን እንደዚያ አያየውም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው ይላል። በቁጥር 1885 መሠረት ያፈረሰው ሰጪው ከሆነ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ከሆነ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ነገር ግን የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ አለበት። ይህ ቁጥር 1723 ነው። ቁጥር 1721 ደግሞ ለዋናው ውል ሕጉ ያዘዘው ፎርም ለቀዳሚውም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ስለዚህ ካፌ ተቀምጠው በሁለት ምስክር ፊት በተፈረመች አንድ ገጽ ወረቀት 500 ሺህ ብር ቢሰጡና ሻጩ ቢክድ፣ «እጥፉን መልስ» የሚለው ክርክርዎ ላይቆም ይችላል። የሰጡትን ብቻ ለማስመለስም ፍርድ ቤት መመላለስ ሊኖርብዎ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። እርስዎ የሚኖሩት አያት ነው፣ ቤቱ ለገጣፎ ነው። በሚኒባስ ጥቂት ደቂቃ ነው። በሕግ ግን ሁለት የተለያየ አስተዳደር ነው። ለገጣፎ ለገዳዲ ከ2015 ጀምሮ የሸገር ከተማ አካል ነው፣ በኦሮሚያ ክልል ሥር። የይዞታ ማኅደሩ ያለው እዚያ ነው። ውሉ የሚፈጸመውና የሚረጋገጠው በክልሉ አሠራር ነው። ክርክር ቢነሳ የሚሄዱት የኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው፤ ችሎቱ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ሰነዱም በቁቤ ሊሆን ይችላል። አንድ ጠበቃ የፌዴራል ፈቃድ አለው ማለት ክልሉ ፍርድ ቤት ይቆማል ማለት አይደለም። የፌዴራሉን ፈቃድ የሚሰጠው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ክልሉ የራሱ አለው። ስለዚህ መሃል ከተማ ትልቅ ስም ያለው ጠበቃ ከመፈለግ፣ ለገጣፎን በእግሩ የሚያውቅ፣ የክልሉ ፈቃድ ያለውና ሰነዱን በቋንቋው አንብቦ የሚረዳ ሰው ይሻልዎታል።

በዳር ሰፈሮች ይህ ነገር ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። በነሐሴ 2014 የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ሲከለል በአንዱ ሥር ይተዳደሩ የነበሩ ሰፈሮች ወደ ሌላው ዞረዋል። የሚገዙት ቤት ወሰኑ አካባቢ ከሆነ ጠበቃዎ በመጀመሪያ የሚመልሰው ጥያቄ «ይህን ካርታ የሰጠው አካል በሰጠበት ቀን ሥልጣኑ ነበረው ወይ?» የሚለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 የባለቤትነት ማስረጃ የተሰጠው ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል ይላል። ወረድ ብሎ 1196 ግን ማስረጃው ከሕግ ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል የተሰጠ መሆኑ ከታወቀ ያ ግምት ይፈርሳል ይላል። ማኅተም ያለበት ካርታ ሁሉ እኩል አይደለም።

ቢሮው ሲሄዱ ፈቃዱን ያሳይዎት፤ ዘመኑ ያለፈ እንዳይሆን ይዩ። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩ ጠበቃ ሳይጠየቅ ያሳያል። ፍርድ ቤት በር ላይ አቤቱታ የሚጽፍልዎ ራፖር ጸሐፊና ወረዳ ውስጥ የሚሯሯጥልዎ ጉዳይ አስፈጻሚ ጠቃሚ ሰዎች ናቸው፤ ጠበቃ ግን አይደሉም። እነሱ አጥፍተው ቢጎዱዎት ከፈቃድ ሰጪው ዘንድ ሄደው በዲሲፕሊን የሚከሱበት መንገድ የለም። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «ለመጨረሻ ጊዜ ደንበኛዎን አይግዙ ያሉት መቼ ነው? ለምን?» እኔ ራሴ ለልጄ ቤት ብገዛ የምጠይቀው ይህን ነው። ሥራውን የሚሠራ ጠበቃ የደንበኛውን ስም ሳያነሳ ወዲያው ይነግርዎታል፤ «ካርታው መክኖ (ተሰርዞ) ነበር»፣ «ወራሾች ነበሩበት» ይላል። ከተንተባተበ ወይም «እኔ ጋ የመጣ ሁሉ ገዝቷል» ካለ ሌላ ይፈልጉ።

ስለ ክፍያው። ብዙ ሰው «ሽያጩ ካለቀ ከዋጋው ይህን ያህል በመቶ» ብሎ ይስማማል። ይህን አልወደውም። ሽያጩ ሲያልቅ ብቻ የሚከፈለው ጠበቃ እንደ ደላላው ሽያጩ እንዲያልቅ ይፈልጋል። ለማጣራቱ ሥራ ቁርጥ ያለ ዋጋ ይስማሙ፤ ውጤቱ «አይግዙ» ቢሆንም የሚከፈል። ውሉን ለመጻፍና ስም እስኪዞር ለመከታተል ደግሞ ለብቻ። ሁለቱንም በጽሑፍ ያድርጉት፣ ደረሰኝም ይቀበሉ። ገንዘቡ ይቆጫል፣ አውቃለሁ። ግን ከቤቱ ዋጋ ጋር ያስተያዩት።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ እምብርት ልግባ፤ ወደ ውክልናው። እኔ ብሆን ከሁሉም በፊት የማየው እሱን ነው።

የሕጉ ቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ለመሥራት ብቻ ያስችላል ይላል። ቤት ለመሸጥ በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ፣ በስሜ ይከራከርልኝ» የሚል ብቻ ካለ ያ የአጎት ልጅ ቤቱን ሊያከራይዎ ይችላል፤ ሊሸጥልዎ ግን አይችልም። «ይሽጥ፣ ይለውጥ፣ ገንዘቡን ይቀበል፣ ስም ያዙር» የሚሉት ቃላት በግልጽ ሰፍረው መታየት አለባቸው። ባለቤቱ ውጭ ስለሆነ ውክልናው በተለምዶ በኤምባሲ ተፈርሞ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ጠበቃዎ የሦስቱንም ማኅተም ይፈልግ። ቀጥሎ በመዘገበው ቢሮ ውክልናው አለመሻሩን ያጣራ። ይህ ማጣራት ዛሬ ከተደረገ በውሉ ቀን ጠዋት እንደገና ይደረግ፤ ውክልና በአንድ ቀን ይሻራልና።

ከዚያም ባለቤቱን በሕይወት ማየት አለባችሁ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አባት ቢሮዬ መጡ። ፌስታል ውስጥ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ውክልና ይዘዋል። አንድም ስህተት የለበትም። ቃሉ ሙሉ ነው፣ ማኅተሙ ጥርት ያለ ነው፣ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። ቤቱን በዚያ ውክልና ገዝተው፣ አጥር አጥረው፣ ደጁ ላይ ሁለት የአቮካዶ ችግኝ ተክለዋል። ችግሩ ውክልናውን የሰጡት እናት ውሉ ከመፈረሙ ሦስት ወር ቀደም ብሎ አርፈው ነበር። በቁጥር 2232 መሠረት ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራል። ልጆቻቸው የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው ከሰሱ። እኚህ አባት ጡረታቸውን ሁሉ ያፈሰሱበት ቤት ነበር። ያን ቀን ወረቀቱን አገላብጬ ሳይ «ከመፈረምዎ በፊት አንዴ በስልክ ቢያዩዋቸው ኖሮ» ከማለት በቀር የምለው አጣሁ።

ስለዚህ ጠበቃዎ በተገኘበት ከባለቤቱ ጋር በቪዲዮ ይነጋገሩ። ፓስፖርቱን ያሳይ። «ቤቴን በዚህ ዋጋ እንዲሸጥልኝ ፈቅጃለሁ» ይበል፤ ዋጋውን ከራሱ አፍ ይስሙት። አንዳንዴ ዋጋው ላይ ነው ነገሩ የሚፈነዳው። ብሩም ወደ ወኪሉ የግል ሒሳብ ሳይሆን ወደ ባለቤቱ ሒሳብ እንዲገባ ይጠይቁ። ወኪሉ እዚህ ላይ ከተቆጣ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

ባለቤቱ አግብቶ እንደሆነም ይጠየቅ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በቁጥር 68 የጋራ የሆነ ቤት ሲሸጥ የባልም የሚስትም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ያልተስማማው ወገን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢረዝም ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ውሉን ሊያስፈርስ ይችላል። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ጠበቃዎ ለእርስዎ ጉዳይ የሚሠራውን ይንገርዎት። ውጭ ላለ ሰው «ያላገባ» የሚል ማስረጃ ከየት እንደሚመጣ፣ ከሚስቱም የተለየ ውክልና እንደሚያስፈልግ ደላላው አይነግርዎትም።

ቀጥሎ ማኅደሩ። እርስዎ እጅ የሚገባው የካርታ ፎቶ ኮፒ ነው። ፎቶ ኮፒ ማረጋገጫ አይሆንም። ጠበቃዎ ከሻጩ ወገን ጋር ይዞታ አስተዳደር ሄዶ ማኅደሩ ውስጥ ያለውን ከእጅዎ ካለው ጋር ያመሳክር። ካርታው መክኗል ወይ? የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እግድ አለበት ወይ? ይዞታው ሊዝ ነው ወይስ ነባር (ከሊዝ በፊት የተያዘ)? ሊዝ ከሆነ ክፍያው የት ደርሷል? ግንባታው ገና ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ፤ በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ 721 ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ ይዞታውን የሚያስተላልፍ ሰው ከዝውውሩ የሚያገኘው ላይ ገደብ አስቀምጧል። የግብር ደረሰኝ፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ይዞታ አያረጋግጡም። በየካቲት 2011 ለገጣፎ ላይ ቤቶች ሲፈርሱ ነዋሪዎቹ «ግብር ስንከፍል ነበር፣ መብራት ገብቶልን ነበር» ሲሉ ሁላችንም ሰምተናል። ከገበሬ በመንደር ውል የተገዛ መሬት ላይ ያረፈ ጨረቃ ቤት ከሆነማ ጠበቃም አያድነውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ የዚያ ዓይነት ውል ፍርድ ቤት ፊት ዋጋ የለውም።

ቦታው ላይ ጠበቃዎ በአካል ይሂድ። ይህን አጥብቄ የምለው እኔው ራሴ ስላጠፋሁ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ደንበኞቼን ወረቀቱ ሁሉ ንጹሕ የሆነ ቤት «ይግዙ» አልኳቸው። ካርታው 200 ካሬ ይላል። አጥሩን ግን ሄጄ አላየሁትም። በኋላ ቀያሽ ሲለካው አጥሩ ውስጥ ያለው 260 ነበር። ትርፉ 60 ካሬ ወንዙ ዳር ያለ አረንጓዴ ቦታ ነው፤ የቤቱ ኩሽናና የውኃ ጉድጓድ ያረፉት እሱ ላይ ነው። ደንበኞቼ ከ200 ካሬው ሳይሆን ከ260ው ላይ ነበር የከፈሉት። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቤት ሳልረግጥ አጽድቄ አላውቅም። ቀያሽ ይጠሩ፣ ችካሉን ይፈልጉ። ጎረቤት ያነጋግሩ። ከጎን ያለችው ሱቅ ባለቤት ስለዚያ ቤት ከይዞታ አስተዳደሩ በላይ የምታውቅበት ጊዜ አለ፤ ማን እንደሚኖርበት፣ ማን ሊከስ እንደሚመላለስ።

ውሉ ራሱ እንግዲህ። ደላላው የሚያመጣው ውል ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ስም ብቻ የሚቀየርበት ነው። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ያገኛሉ፦ «ይህ ውል በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው።» ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ ያርፋል። 1731 ግን የሚለው በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ነው። በሕግ አግባብ ያልተቋቋመውን ቁጥሩን ስለጻፉበት አያጸናውም። ከቁጥሩ ይልቅ ጠበቃዎ እነዚህን በግልጽ ይጻፍልዎት፦ የካርታ ቁጥሩንና ስፋቱን፤ ብሩ በስንት ጊዜና ምን ምን ሲፈጸም እንደሚከፈል፤ ቤቱ ተለቅቆ ቁልፍ የሚያስረክቡበትን ቀን፤ ተከራይ ካለ ማን እንደሚያስወጣው፤ የኋላ ግብርና የቆጣሪ ዕዳ የማን እንደሆነ፤ ሦስተኛ ወገን ቢመጣ ሻጩ ተከራክሮ እንደሚመልስ፣ ካልቻለ ብሩንና ኪሳራውን እንደሚከፍል። ስለ ቴምብር፣ ስለ አሹራ (የስም ማዛወሪያ ክፍያ) እና ስለ ሻጩ የካፒታል ጌይን (ከሽያጩ ትርፍ የሚከፈል ግብር) ብዙ አልልም። ማን ምን እንደሚከፍል በስም ይጻፍ፤ ዝም ከተባለ ሁሌም ገዢው ላይ ይወድቃል።

አንድ ነገር ግን አልዘልም። «ግብር እንዲቀንስ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ይሏችኋል። አያድርጉት። ሕገ ወጥ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሌላው፣ ውሉ ነገ ቢፈርስ ፍርድ ቤት «ስንት ከፈልሽ?» ብሎ የሚያየው የተጻፈውን ነው። 6 ሚሊዮን ከፍለው 2 ሚሊዮን ካስጻፉ የቀረውን 4 ሚሊዮን ማን ይመሰክርልዎታል? ደላላው?

ክፍያው በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው ቼክ) ወይም በባንክ ዝውውር ይሁን። የተወሰነ ገንዘብ ካርታው በስምዎ ዞሮ እስኪወጣ ድረስ በእጅዎ ይቆይ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1185 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ሲጻፍ ነው ይላል። ስለዚህ ቁልፍ ስለተቀበሉ ገና ባለቤት አልሆኑም። ብዙ ጠበቆች ውሉ ከተፈረመ በኋላ ስልክ አያነሱም፤ ስም ዝውውሩ እስኪያልቅ መከታተል ከመጀመሪያው ስምምነት ውስጥ ይግባ ያልኩት ለዚህ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ ወይም ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ለምታዩ አንባቢዎች ልጨምር። አምስት ዓመት ያልሞላውን፣ ገና እንዲሸጥ ያልተፈቀደውን ቤት «በውክልና እና በብድር ውል ይያዝልህ» ሲሏችሁ ያ ሽያጭ አይደለም። ሻጩ ውክልናውን ቢሽር ወይም ቢሞት እጃችሁ ላይ የሚቀረው የብድር ወረቀት ብቻ ነው። ቤቱ አይደለም።

አሁን ነገ የሚያደርጉትን ልንገርዎ። ደላላው ጋ ይደውሉ፤ ስለ ብር ግን አያንሱ። «የካርታውን፣ የውክልናውንና የወኪሉን መታወቂያ ኮፒ ስጡኝ፤ ጠበቃዬ አይቶ በሳምንት ውስጥ እመልሳለሁ» ይበሉ። «ሌላ ፈላጊ አለ» ካሉ «ይቅናው» ይበሉ። እውነተኛ ሻጭ ኮፒ ይሰጣል። ኮፒው እጅዎ ሲገባ ዕለቱን ለጠበቃዎ ያድርሱ፣ ውክልናው የተፈረመበት ቀን ላይ ጣትዎን ያድርጉና «ከዚህ ይጀምሩልኝ» ይበሉት።